ለቤት ወርክሾፕ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ሌዘር ውሃ ልክ አመራረጥ

4 ሜትር በሚረዝም ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ስሰቅል እጄ ላይ የነበረው 60 ሴንቲሜትር ውሃ ልክ ብቻ ነበር። እሱን እያንሸራተትኩ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረግኩ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሄድኩ። ሰባት ጊዜ ያህል አነሳሁት፤ ሰባት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ባስቀመጥኩት ቁጥር አረፋዋ መሃል ላይ ነበረች። ሥራው ሲያልቅ አንዲት የኩሽኔታ ኳስ መደርደሪያው ላይ አደረግኩ። አልቆመችም። ቀስ እያለች ተንከባልላ ቀኝ ጫፍ ላይ ካለው የቀለም ቆርቆሮ ጋር ተጋጨች። ስለካው ሁለቱ ጫፎች በ1 ሴንቲሜትር ይበላለጣሉ።

ውሃ ልኩ ምንም አልሆነም ነበር። እያንዳንዱ ማንሳትና ማስቀመጥ የእርሳስ ምልክት ውፍረት የምታህል ስህተት ይጨምራል፤ ስህተቷ ስትደማመር 1 ሴንቲሜትር ትሆናለች። ሌዘር ውሃ ልክ ይህን ችግር የሚፈታው ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጊዜ ስለሚዘረጋ ነው።

ልግዛ ብላችሁ ስትወጡ ግን ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ነገር ግራ ያጋባል። 12 መስመር፣ 16 መስመር፣ 50 ሜትር ርቀት፣ ሁለት ባትሪ፣ ሪሞት። ለቤት ውስጥ ሥራ አብዛኛው አያስፈልጋችሁም። የእኔ ምክር ቀላል ነው፦ የመስመር ብዛቱን ተዉት፣ ገንዘባችሁን ለትክክለኛነት አውጡ፣ ከዚያ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በገዛ ግድግዳችሁ ላይ ፈትሹት። ተራ በተራ እንሂድ።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን ጻፉ፣ ክፍላችሁን ለኩ

ሌዘር ከማየታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። በሚቀጥለው አንድ ዓመት የምትሠሩትን ጻፉ። መደርደሪያ መስቀል? ካቢኔት ግድግዳ ላይ ማሰር? የሥራ ጠረጴዛ ማስተካከል? ሴራሚክ ማንጠፍ? ኮርኒስ መሥራት? ከዚያ የክፍላችሁን ረጅሙን ጎን ለኩ። አብዛኛው የቤት ወርክሾፕ ከ3 እስከ 6 ሜትር ነው።

ይህች ልኬት ብዙ ገንዘብ ታድናለች። ክፍላችሁ 5 ሜትር ከሆነ 50 ሜትር ድረስ ይታያል ለሚባል መሣሪያ ለምን ትከፍላላችሁ? እንዲያውም ሳጥኑ ላይ ያለው ትልቁ የርቀት ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለብቻው ከሚሸጥ መቀበያ ጋር ነው። መቀበያ ማለት መስመሩ ለዓይን በማይታይበት ቦታ ጨረሩን የሚያገኝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ዓይናችሁ ይበቃል።

2. የመስመሩን ዓይነት ምረጡ

ለቤት ሥራ ሁለት ዓይነት ብቻ ብናወዳድር ይበቃናል። እየተሽከረከረ ጨረር የሚረጨው ትልቁ ዓይነት ለግንባታ ቦታ ነው። ነጥብ ብቻ የሚጥለው ደግሞ ለጂፕሰም ክፍልፋይና ለመብራት መስመር ይመቻል እንጂ መደርደሪያ ለሚሰቅል ሰው መስመር ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ባለ መስቀል ሌዘር ነው። አንድ አግድም መስመር እና አንድ ቁም መስመር ከፊት ለፊቱ ይጥላል። መስመሮቹ ከሩብ ክብ ትንሽ አለፍ ብለው ይሰፋሉ፤ ስለዚህ ከግድግዳው 2 ሜትር ርቃችሁ ብታቆሙት ወደ 4 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ግድግዳ ይሸፍናል። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው።

ሁለተኛው ክፍሉን ሙሉ የሚዞረው ባለ 360 ዲግሪ ነው። “12 መስመር” ሲባል በትክክል ሦስት ሙሉ ክብ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ክብ እንደ አራት መስመር ተቆጥሮ ነው 12 የሚሆነው። 16 የሚሉት ደግሞ አራት ክብ ነው። ኮርኒስ ዙሪያውን የሚሠራ ወይም ወለል ሙሉ የሚያነጥፍ ሰው በጣም ይጠቀምበታል። ለወርክሾፕ ግን አንድ የማልወደው ነገር አለው። ክፍሉ መሃል ሲቆም የትም ብትዞሩ መስመሩ ዓይናችሁ ላይ ይመጣል። የአንዱን ክብ ማብሪያ ለብቻው ማጥፋት የማይቻልበት ከሆነ ተዉት።

ዝርዝራችሁ ላይ ያለው መደርደሪያ፣ ካቢኔትና ጠረጴዛ ከሆነ ባለ መስቀሉን ውሰዱ። በተረፈው ገንዘብ ጥሩ ማቆሚያ ግዙ።

3. የትክክለኛነት ቁጥሩን አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የሌዘሩ ዋና ነገር ይህ ነው።

ትክክለኛነት የሚጻፈው በተለያየ መልክ ስለሆነ ማወዳደር ያስቸግራል። አንዱ “±3 ሚሊሜትር በ10 ሜትር” ይላል። ሌላው “±0.3 ሚሊሜትር በሜትር” ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ሦስተኛው “±1 ሚሊሜትር በ5 ሜትር” ካለ 0.2 በሜትር ማለት ነው፤ የተሻለ ነው። በኢንች ተጽፎ “1/8 ኢንች በ30 ጫማ” ካገኛችሁ ወደ 0.35 ሚሊሜትር በሜትር ይመጣል። ሁልጊዜ ወደ “በሜትር ስንት ሚሊሜትር” ቀይሩት፤ ያኔ ሁሉም በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ።

አሁን ቁጥሩን በክፍላችሁ አባዙት። 0.3 የሆነ ሌዘር 4 ሜትር ላይ ቢበዛ 1.2 ሚሊሜትር ይስታል። የሌዘሩ መስመር ራሱ ግድግዳ ላይ ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ስለዚህ ስህተቱ መስመሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል ማለት ነው። 0.8 የሆነው ግን በዚያው 4 ሜትር 3.2 ሚሊሜትር ይስታል። ፎቶ ለመስቀል ችግር የለውም። ካቢኔት ከካቢኔት ጎን ስትሰቅሉ ግን ዓይን ያየዋል፤ በሩም ሲዘጋ ይናገራል።

ለወርክሾፕ የእኔ ወሰን 0.3 ነው። 0.5 ድረስ ለመደርደሪያ እቀበላለሁ። ቁጥሩ ጭራሽ ያልተጻፈበትን ግን አልገዛም፣ ምንም ቢረክስ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳጥኑ ላይ “±4 ዲግሪ” የሚል ታያላችሁ። ብዙ ሰው ይህን የትክክለኛነት ቁጥር አድርጎ ያነበዋል። አይደለም። ያ ቁጥር መሣሪያው ምን ያህል ዘምሞ ቢቀመጥ ራሱን ማስተካከል እንደሚችል ነው የሚናገረው። 4 ዲግሪ ማለት በ1 ሜትር ላይ 7 ሴንቲሜትር ያህል ዝንባሌ ነው። ጥሩ ነው፤ ከትክክለኛነቱ ጋር ግን አይገናኝም።

4. ቀይ ወይስ አረንጓዴ?

የሰው ዓይን ከሁሉም ቀለም በላይ በደንብ የሚያየው አረንጓዴውን አካባቢ ነው፣ 555 ናኖሜትር ገደማ (ቀለሙን የሚወስነው የብርሃን ሞገድ ርዝመት ነው)። በዚህ ምክንያት እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ሌዘሮች ጎን ለጎን ቢበሩ 520 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ 635 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ከ3 እጥፍ በላይ ደምቆ ይታያል። መስኮት በዝቶበት ብርሃን የሚገባበት ወርክሾፕ ውስጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ግን አረንጓዴው ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ክፍላችሁ ከ4 ሜትር ካልበለጠና መጋረጃ መዝጋት ወይም አንድ መብራት ማጥፋት ከቻላችሁ ቀይ ይበቃል። በጀታችሁ ለሁለት ምርጫ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም 0.3 የሆነ ቀይ ወይም 0.6 የሆነ አረንጓዴ፣ ቀዩን ያዙ። ደምቆ የሚታይ ጠማማ መስመር ምን ያደርጋል?

ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን ቀይ መነጽር በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ያ መነጽር መስመሩን ለማጉላት ነው የተሠራው። ዓይናችሁን ከሌዘር አይከላከልም። ይከላከልልኛል ብላችሁ ጨረሩን እንዳታዩ።

5. ራሱን ማስተካከሉ እና መቆለፊያው

ውስጡ ያለው ነገር ቱንቢ ነው ማለት ይቻላል። ሌዘሩ የተሰቀለበት ትንሽ ፔንዱለም አለ፤ በስበት ኃይል ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል፣ መወዛወዙን ደግሞ ማግኔት ቶሎ ያረጋጋዋል። ስታበሩት መስመሩ ለጥቂት ሴኮንድ ሲወዛወዝ ቆይቶ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ሦስት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ከመጠን በላይ ሲዘም መስመሩ ብልጭ ድርግም ብሎ ወይም ድምፅ አሰምቶ ማስጠንቀቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ፔንዱለሙን የሚቆልፍ ማብሪያ ይኑረው። ሳይቆለፍ ሳጥን ውስጥ ከተንገጫገጨ ፔንዱለሙ ይመታል፣ ልኬቱም ይበላሻል። ሦስተኛ፣ ተቆልፎም መብራት የሚችል ቢሆን ጥሩ ነው። ደረጃ ዳር ላይ ያዘነበለ መስመር ስትፈልጉ ይጠቅማችኋል። ያኔ መስመሩ ቀጥ ያለ መስሎ ቢታያችሁም ቀጥ እንዳልሆነ አትርሱ።

6. ማቆሚያውን ሌዘሩን ያህል አስቡበት

ሰው ሌዘር ገዝቶ መጽሐፍ ደራርቦ ያቆመዋል። እኔም እንዲያ አድርጌ አውቃለሁ። አንድ መጽሐፍ ተንሸራተተና ሌዘሩ ወለል ላይ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ልክ አልነበረም።

ከታች ያለውን ቀዳዳ ተመልከቱ። ባለ 1/4 ኢንች ጥርስ ካለው ተራ የካሜራ ትራይፖድ ይቀበለዋል፤ ምናልባት ቤታችሁ አለ። ባለ 5/8 ኢንች የሆነው የቀያሾች ትራይፖድ ነው፤ ለቤት ይከብዳል። ሁለቱም ካለው ምንኛ ጥሩ።

ማግኔት ያለው መያዣ ከመጣለት ደግሞ ወርክሾፓችሁ ውስጥ አንድ ላሜራ ቁራጭ ግድግዳ ላይ በብሎን እሰሩ። ሌዘሩ ሁልጊዜ እዚያው ይለጠፋል፣ ከእግር መንገድ ይወጣል፣ ማንም አይገፋውም። ኮምፕሬሰር በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ግን አታስቀምጡት። ንዝረቱ ፔንዱለሙን ስለሚያንቀጠቅጠው መስመሩ ይንቀጠቀጣል።

የመደርደሪያውን ከፍታ ለማግኘት ትራይፖዱን በሚሊሜትር ከፍና ዝቅ ማድረግ አይጠበቅባችሁም። መስመሩ በፈለገው ከፍታ ይውደቅ። ከመስመሩ ወደ ላይ 32 ሴንቲሜትር ላይ መደርደሪያ ከፈለጋችሁ በየቦታው 32 እየለካችሁ ምልክት አድርጉ። ይህን ካወቃችሁ ከፍታ የሚያስተካክል ውድ ማቆሚያ አያስፈልጋችሁም።

7. ባትሪና አቧራ

አጭር ነው። በደብል ኤ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ የትም ይገኛል። በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ እየተሞላም መሥራት መቻሉን አረጋግጡ። እንጨት የምትቆርጡ ከሆነ አይፒ 54 የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ፤ አቧራና የውሃ ፍንጣሪ ይቋቋማል። መስታወቱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት።

8. የዓይን ነገር

መሣሪያው ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት መኖር አለበት። አጠገቡ የሌዘሩ ክፍል ይጻፋል። የምትፈልጉት ክፍል 2 ነው። የሚታይ ጨረር ሆኖ ጉልበቱ ከ1 ሚሊዋት አይበልጥም፤ ድንገት ዓይን ላይ ቢያርፍ በሩብ ሴኮንድ ውስጥ ዓይን ስለሚጨፍን ይከላከላል። ክፍል 3አር የሚለው እስከ 5 ሚሊዋት ይደርሳል። 5 ሜትር ክፍል ውስጥ ለምን? ልጆች ለሚገቡበት ቤት አልመክረውም። ምልክቱ ጭራሽ የሌለበትን ደግሞ መልሱት።

ሌዘሩን በቆመ ወይም በተቀመጠ ሰው ዓይን ትክክል አታቁሙ፤ የልጅ ቁመትንም አስቡ። መስታወትና የተወለወለ ብረት ከፊቱ አንሱ።

9. በገዛችሁ ቀን ፈትሹት

መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይህን አድርጉ። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት፤ ሻጩ እሺ ካላለ ተዉት። ሌዘሩ ከቀዝቃዛ ቦታ ከመጣ ክፍሉን እንዲለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ።

የመጀመሪያው የሁለት ግድግዳ ፈተና ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ 5 ሜትር ያህል የሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች ፈልጉ። አንዱን ሀ፣ ሌላውን ለ እንበላቸው።

ሌዘሩን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ ሀ ግድግዳ አጠገብ አቁሙት። ወደ ሀ አዙራችሁ መስቀሉ ያረፈበትን መሃል በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ 1 ብላችሁ ጻፉ። ትራይፖዱን ሳትነኩ ሌዘሩን ብቻ ወደ ለ አዙሩት። እዚያም ምልክት አድርጉ፤ 2 በሉት።

አሁን ሁሉንም አንስታችሁ ለ ግድግዳ አጠገብ ውሰዱት። ወደ ለ አዙሩት፤ መስመሩ በትክክል 2 ላይ እስኪያርፍ ትራይፖዱን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ከፍታውን ሳትቀይሩ ወደ ሀ መልሱት። መስመሩ ያረፈበትን 3 በሉት። በ1 እና በ3 መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ለኩ።

ይህ ልዩነት የሌዘሩ ስህተት በእጥፍ ነው፣ ምክንያቱም ስህተቱ ሲሄድም ሲመለስም ተደምሯል። ስለዚህ ልዩነቱን ለ10 ሜትር አካፍሉት። 0.3 የተባለ ሌዘር እዚህ ላይ ከ3 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። 2 ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። 6 ካገኛችሁ ወደ ሳጥኑ መልሱት። ግድግዳዎቹ 4 ሜትር ከተራራቁ የማካፈያው ቁጥር 8 ይሆናል።

ሁለተኛው ፈተና መስመሩ ራሱ መዝመሙን ያያል። መሃሉ ልክ ሆኖ ክንፎቹ ያዘነበሉ ሌዘሮች አሉ። ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ በመስቀሉ መሃል አድርጉ። ከዚያ ሌዘሩን በቆመበት ወደ ጎን እያዞራችሁ የአግድሙ መስመር ግራ ጫፍ ነጥቡ ላይ እንዲያልፍ አድርጉ፤ ቀጥሎ ቀኝ ጫፉ። መስመሩ ከነጥቡ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ክንፉ ዘሟል።

ሦስተኛው ለቁም መስመሩ ነው። የበር መቃን ላይ ከ2 ሜትር በላይ በሆነ ሲባጎ ቱንቢ አንጠልጥሉ። ቱንቢው ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ይግባ፤ መወዛወዙን ያቆማል። የሌዘሩን ቁም መስመር ከላይ ሲባጎው ላይ አሳርፉና ታች ድረስ ተከተሉት። 2 ሜትር ላይ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከሲባጎው ከወጣ አትመኑት። ቱንቢ አይዋሽም።

ባለ 360 የገዛችሁ ከሆነ ሁለቱ ቁም ክቦች ወለሉ ላይ በስኳድራ መገናኘታቸውንም እዩ። በአንዱ መስመር ላይ 1.5 ሜትር፣ በሌላው ላይ 2 ሜትር ለኩ። የሁለቱ ምልክቶች ርቀት 2.5 ሜትር መሆን አለበት።

10. የመጀመሪያ ሥራችሁ የራሳችሁ ጠረጴዛ ይሁን

ሌዘሩ ፈተናውን ካለፈ የሥራ ጠረጴዛችሁን አስተካክሉበት። ሌዘሩን ከጠረጴዛው ውጭ፣ ከላዩ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት። የብረት ማስመሪያ ውሰዱ። ብረቱ ስለሚያንጸባርቅ ከቁጥሮቹ ጎን ነጭ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት። ማስመሪያውን በየማዕዘኑ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና መስመሩ የት ላይ እንዳረፈ አንብቡ።

23.4፣ 23.4፣ 23.1፣ 23.9 ሴንቲሜትር አነበባችሁ እንበል። ቁጥሩ የበዛበት ማዕዘን ዝቅ ያለው ነው። 23.9 ያለው ከሁለቱ እኩዮች በ5 ሚሊሜትር ወርዷል፤ ከእግሩ ሥር 5 ሚሊሜትር ሽብልቅ አስገቡ። 23.1 ያለው ደግሞ በ3 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል። አንዱን እግር ስትነኩ ሌላውም ስለሚንቀሳቀስ አራቱንም ደግማችሁ አንብቡ። ሁለት ሦስት ዙር ይፈጃል።

ስታነቡም ምልክት ስታደርጉም ሁልጊዜ የመስመሩን አንድ ቦታ ብቻ ተጠቀሙ። ወይ መሃሉን፣ ወይ የላይኛውን ጠርዝ። አንዴ ላይ አንዴ ታች ካነበባችሁ ከሌዘሩ ስህተት የበለጠ እናንተ ትጨምራላችሁ።

ስትጨርሱ ፔንዱለሙን ቆልፉ። መሣሪያው ላይ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉና የፈተሻችሁበትን ቀን እና ያገኛችሁትን ሚሊሜትር ጻፉበት። በወደቀ ቁጥር የሁለቱን ግድግዳ ፈተና ደግማችሁ አዲሱን ቁጥር ከታቹ ጻፉ።